የማንንም የማይመስል ጉንጉን

ለበር የሚሰቀል የገና ጉንጉን መምረጥ ምን ያጣላል? የጥድ ቅርንጫፍ ነው። ክብ አድርገው በሽቦ ይጠመዝዙታል፣ ቀይ ሪባን ጣል ያደርጉበታል፤ ወደዱት፣ ገዙት፣ ወስደው ሰቀሉት፣ አለቀ። እሷ ግን ተጣላችበት። ያውም ሱቅ መሃል፣ በባዳ ሰው ፊት፣ ማዶ ያለው መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ደግሞ እውነቷን ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ "እሷ እኮ ድሮም እንደዚያው ናት" ብሎ የሚፈርድባት እንዳይኖር ነው።

ቤተሰቦቿ "ክብሪት" ይሏታል። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ተወልዳ ባደገችበት ቤት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው ከስምንት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ ነው ኑሯቸው። የስፌት መኪናው ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ የእናቷ ክፍል ከጎኑ ነው፤ በሩ አይዘጋም። በእግሯ መኪናውን እየረገጠች በጆሮዋ እናቷን ታዳምጣለች። ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታገላብጣለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ታስውጣለች፤ በመሃል ደግሞ የሰው መጋረጃ በቀጠሮው ይደርሳል። አንድ ወንድም አላት፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። እሑድ እሑድ ብቅ ይላል፣ የእናቱን ግንባር ይስማል፣ "አይዞሽ እትዬ፣ በርቺ" ይላል፣ ይሄዳል። ያቺ "በርቺ" የምትለው ቃል ናት አንጀቷን የምታሳርራት።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ክፉ ወሬ ለክብሪት የሚነገራት ሰው በተሰበሰበበት ነው። ቤት ውስጥ ከተነገራት ጣሪያው አይተርፍም፤ ውጭ ግን ጨዋ ናት። ባዳ ፊት መጮኽ የባለጌ ሥራ ነው ብላ ስላደገች፣ ውስጧ እሳት እየነደደ እንኳ "እሺ" ብላ ጸጥ ትላለች። አባቷ ሆስፒታል ያረፉ ዕለት ወንድሟ ያረዳት ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ነበር፤ ከፊቷ ስድስት ሰው፣ ከኋላዋ አራት። "እሺ" አለች። ተራዋን ጠበቀች፣ ጉዳይዋን ጨረሰች፣ ከዚያ ወጥታ የባንኩን ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። እጮኛዋ ሐሳቡን መቀየሩን የሰማችው ደግሞ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነው፣ ማንኪያው እጇ ላይ እንዳለ። ያን ጊዜም "እሺ" ብላ ዋጠችው፤ ምግቡንም ወሬውንም።

ብልሃታቸው አልጠፋትም። ፈሪ ሁላ፣ ትላለች በሆዷ። ግን ትንሽ ትኮራበትም ነበር።

የገና ሰሞን ወንድምየው በእሑድ ፈንታ ቅዳሜ መጣ። ፊቱን ፈካ አድርጎ፣ ዘንድሮ እንደ ሰው አብረን ሄደን የበሩን ጉንጉን እንግዛ አላት። በየዓመቱ ጉንጉኑን የምትሠራው እሷ ናት፣ ከመጋረጃ ቁርጥራጭ። አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ከተረፋት አረንጓዴ ይሆናል፤ አምና አንድ ሆቴል ያዘዘው ወርቃማ ጨርቅ ተርፏት ስለነበር በሩ ንጉሥ የሚኖርበት መስሎ ከርሟል። ወንድሟ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ሲጠይቃት፣ አሁን ልዋሽ አልችልም፣ ሆዷ ባባ። ቢቆይም ድካሜ ገባው አለች። ጥሩ ጫማዋን አደረገች። እናትየው ለአንድ ሰዓት ብቻቸውን መቆየት አያቅታቸውም፤ ያን ቀን ደግሞ ሂጂ፣ ሂጂ እያሉ ራሳቸው ነበር ያጣደፏት።

አበባ ቤቱ ጠባብ ነው። ወለሉ እርጥብ፣ ባልዲው በየቦታው፤ የተቆረጠ ጥድ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ የበር ጉንጉኖች ተሰቅለዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ለመቃብር የሚሆኑት፣ ወፈር ያሉ፣ ስም የሚጻፍበት ሰፊ ሪባን ያላቸው። የሁለቱም ጥድ አንድ ነው፣ ሽቦውም አንድ፣ የምትጠመዝዛቸውም ያቺው መቀሷን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አበባ ሻጭ። ሌሎች ሁለት ገበያተኞችም ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌና ቅርጫት የያዘች ሴት።

ክብሪት የጥድ ፍሬና ቀያይ እንክብሎች ያሉበትን አነሣች። በዛ፣ አለ ወንድሟ። ትንንሽ ቃጭል ያለበትን አነሣች። ይጮኻል አለ። የደረቀ ብርቱካን የተሰካበትን ስታነሣ ደግሞ ሽታው የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላል አላት። የቱ ሰው? አለች በሆዷ። እኔና እማ ነን ያለነው፤ የእማ አፍንጫ እንደሆነ ከጉንፋኑ ወዲህ አይሠራም። ወንድምየው እጁን ዘርግቶ ከጥግ አንዱን አወረደ። ነጣ ያለ፣ ሪባን የሌለው፣ ፍሬ የሌለው፣ ደሙ የተመጠጠ የሚመስል ነገር።

"ይሄ የማንን ቤት ነው የሚመስለው?" አለችው።

"የማንንም አይመስልም። ጥሩነቱ እሱ ነው" አለ።

አበባ ሻጯ ምን ታድርግ፣ ዕቃዋን ማሞገሷ ነው፣ ደላሎችም ዘወትር የሚወስዱት እሱን ነው ብላ ጨመረችበት። ቤት ሊያሻሽጡ ፎቶ ሲያነሡ በሩ ላይ ይሰቅሉታል፤ ገዢው ሲያየው የሌላ ሰው ቤት ሳይሆን የራሱ ይመስለዋል አለች። ወንድምየው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

ክው አለች። ቅዳሜ መምጣቱ። ሱቅ መውሰዱ። ሽማግሌው፣ ባለቅርጫቷ ሴት፣ አበባ ሻጯ፤ ከበቂ በላይ ባዳ። እንደ ባንክ ቤቱ፣ እንደ ሠርጉ።

"መቼ ነው?" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰኞ ፎቶ አንሺው ይመጣል አላት፣ አሁንም ዓይኑን ከጣሪያው ሳያወርድ። ቤቱ ሊሸጥ ነው፣ እማም የአዛውንት መጦሪያ ትገባለች። ይህን ብሎ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ "እሺ" እስክትለው ጠበቀ። ያቺን ቃል ተማምኖ ነበር የመጣው።

"እሺ" አልመጣችም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ነው የመጣው። ስምንት ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ ያነሣኋት እኔ፣ ግንባር ስመህ የምትሄደው አንተ፤ ሌሊት ስታቃስት የምነሣው እኔ፣ "በርቺ" የምትለው አንተ፤ አሁን ዓይንህን በጨው አጥበህ እናቴን ከቤቷ፣ እኔን ከመኪናዬ ልትነቅል መጣህ? እያለች አዘነበችበት። የስፌት መኪናዬን የት ልውሰደው፣ አንተ ጭንቅላት ላይ ልትከለው? አለችው። ሽማግሌው ወደ በሩ ተጠጋ። ወንድምየው ሰው ይሰማል እኮ አላት።

"ይስማ። ሰው እንዲሰማ አይደል እዚህ ያመጣኸኝ?"

እማ እኮ ራሷ፣ ብሎ ሊጀምር ነበር። አላስጨረሰችውም። ከአልጋ በማትነሣ ሴት ቀሚስ ሥር መደበቅ አታፍርም ወይ ብላ አፉን አስያዘችው። እሱም ያንን ነጭ ጉንጉን እንደ ሰሐን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

ከዚያ ወደ ቀኙ ግድግዳ ዞራ ከሁሉ ትልቁን የመቃብር ጉንጉን አወረደች። አበባ ሻጯ ግራ ገብቷት፣ ሪባኑ ላይ የሚጻፈው የሟች ስም ማን ይባላል ስትላት፣ "ውድ ቤታችን፣ ደህና ሁን ብለሽ ጻፊ" አለቻት። ሴትዮዋ ወንድምየውን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። ጻፈችላት፣ በወርቃማ ፊደል። ክብሪት ጉንጉኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገደኛው ሁሉ እየተሸማቀቀ መንገድ ለቀቀላት፤ አንድ ሰውዬም ባርኔጣውን አነሣላት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ።

በሩ ላይ ሰቀለችው። ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ምስኪን፣ ልጇ ቤቷን እንደሸጠባት ብትሰማ ትሞታለች ብላ። ዝም ትበል እንጂ እጇ ዝም አላለም፤ ቅዳሜ ማታም እሑድም ቁም ሣጥኑ ይንጓጓል፣ ሰሐኑ ይንኳኳል፣ ብርጭቆው ጠረጴዛውን ይመታል። እናትየው የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሰው በጸጥታ ተኙ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሦስቱ መጡ፤ ወንድምየው፣ መዝገብ ያቀፈች ደላላ ሴትና ፎቶ አንሺው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በሩን ሲያይ ቀስ ብሎ አወረደው። "ነፍስ ይማር፣ አልሰማንም ነበር" አለ። ደላላዋ ወንድምየውን በክርኗ ጎሰም አድርጋ ሰው ሞቶ እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም አለችው። ክብሪት እጆቿን አጣምራ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። ደስ አላት። ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ያን ጊዜ ከኋላዋ የዊልቸሩ ጎማ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። እናትየው በገዛ እጃቸው እየገፉ ኮሪደሩን አልፈው መጡ፤ ይህን ካደረጉ ስንት ዓመታቸው ነው። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ቀና ብለው በተከፈተው በር ላይ ያለውን ሪባን አነበቡ፣ ፊደል በፊደል።

"ለሽያጩ የፈረምሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ክብሪት ማን አስፈረመሽ አለቻቸው። ማንም። ወንድምሽን ንገርልኝ ብዬ የላክሁትም እኔ ነኝ አሉ። መጦሪያ ቤቱን በሐምሌ አንቺ ጨርቅ ልትገዢ ስትወጪ እሱ ወስዶ አሳይቶኛል፤ ላንቺም የምትሰፊበት ቤት እንዲገዛልሽ ተነጋግረናል አሉ።

"አንድ ቤት ውስጥ እያለን ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?"

እናትየው ፎቶ አንሺውን አዩት፣ ደላላዋን አዩዋት። ሰው መኖሩን እያረጋገጡ ነበር።

"አሁን ሰው ስላለ ልንገርሽ" አሉ። "ክፉ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም። ግን ሰሐኑን ስታስቀምጪ እሰማለሁ። ትራሴን ስታስተካክዪ፣ መጋረጃውን ስትከፍቺ እሰማለሁ። ስምንት ዓመት ሰማሁ፣ ልጄ። እዚያ ያሉት ደመወዝተኞች ናቸው፤ አንሥተው ያስቀምጡኛል፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አይቆጡኝም።"

ክብሪት አፏን ከፈተች። መልስ አጥታ አታውቅም፤ ወንድሟ ላይ ልትዞር ፈለገች፣ ደላላዋ ላይ፣ ምን አጠፋሁ ብሎ በቆመው ፎቶ አንሺ ላይ። እኔ እኮ በሕይወት ላይ ነው እንጂ አንቺን ተቆጥቼ አላውቅም ልትልም ቃጣት፤ ግን ሰሐኑን ያስቀመጠችው ሕይወት ፊት አልነበረም። ዞራ ጉንጉኑን ሳበችው። ሚስማሩ ከነልስኑ ተነቅሎ መጣ፤ በሩ ሥር ነጭ አቧራ ፈሰሰ። ጉንጉኑን አጥሩ ሥር አስደግፋ ሪባኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

በሩ ራቁቱን ቀረ። ፎቶ አንሺው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንዲሁ ላንሣው ወይስ የሚሰቀል አለ? አለ። ወንድምየው ነጩ ጉንጉን መኪናዬ ውስጥ አለ አለ፤ ካልሆነም የጥድ ፍሬ ያለበትን ሮጬ አመጣለሁ። ሁሉም ክብሪትን ማየት ጀመሩ። እዚያ ቤት የመጋረጃውን ቀለም፣ የምሳውን ሰዓት፣ የመስኮቱን መከፈት፣ ሁሉን የምትወስነው እሷ ናት፤ ይህንንም ትወስናለች ብለው ጠበቁ።

እሷ ግን ዊልቸሩ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። ድምፅዋን የቻለችውን ያህል አለሰለሰችው፤ እንዲያውም ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

"እማዬ፣ አንቺ የቱ ነው ደስ የሚልሽ?"

እናትየው ዓይናቸውን አነሡና ፊቷን መረመሩት፤ መጀመሪያ ግንባሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን፣ ከዚያ አፏን፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ቁጣ እንዳለበት እንደሚያይ ሰው። ክብሪት የምታደርገው ጠፍቷት ፊቷን እንዳለ ያዘችው። እናትየው ከዚያ ወደ ልጃቸው ወደ ወንዱ ዞሩ።

"እናንተ የወደዳችሁት ይሁን" አሉ።