የከይረዲን ጉሮሮ

ሰው ማስመሰል ያደግሁበት አመሌ ነው። ባቲ እያለሁ የጎረቤቱን ሁሉ አነጋገር እያወጣሁ ሴቶቹን በሳቅ እገድላቸው ነበር። ጅቡቲ መጥቼ ሄሮን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ከተቀጠርኩ በኋላ ግን የሚስቅልኝ አጣሁ፤ አሠሪዬ ማዳም ቀልድ አትወድም።

ታናሽ እህቴ ሀጀራ በየመን አድርጋ ሳዑዲ ልትሄድ መቁረጧን ሰማሁ። መጻፍ ስለማልችል ደብዳቤዬ ካሴት ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጉዲና ባቲ ያደርስልኛል። "አትምጪ፣ ባሕሩ ሰው ይበላል" ብዬ ላክሁ። እሷም በካሴት መለሰችልኝ፦ "እታለም፣ ላንቺ ብቻ እንዲያልፍልሽ ነው?"

ተናደድኩ፣ ከንዴቴም በላይ ፈራሁ። ምክር ካልገባት እኔ ላይ የደረሰውን በጆሮዋ ትስማው ብዬ፣ ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ኩሽናውን ዘግቼ ካሴት ቀዳሁ። ከጅቡቲ ወደ የመን ላሻግርሽ ብሎ በጀልባ የጫነኝን ደላላ፣ ከይረዲንን፣ በራሱ ድምፅ አናገርኩት። ለስለስ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ መሐል ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"እህቴ፣ እህም፣ ዋና ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ግድ የለም፣ እህም፣ እዚህ ጋ ከጉልበት አያልፍም። ጀልባው ከብዶታል፣ ውረጂ።"

ከጉልበት አያልፍም ያለው ውሃ ዋጠኝ። ባዶ ጀሪካን አቅፌ እዚሁ ጅቡቲ ዳርቻ ወጥቼ ተረፍኩ፤ አብረውኝ የወረዱት አልወጡም። ይህንንም ነገርኳት። ድምፁ ቁርጥ እሱን ስለሆነልኝ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጉዲና ባዶ እጁን ተመለሰ።

"መልስ የለም። ግን ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሰማሽ፤ በሳቅ ሊሞቱ!"

"በሳቅ?"

"ያችን 'እህም' ስትያት እኮ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አልወስደኝ አለ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዘበኛችን ጉታ ካሴት አቀበለኝ። "አንድ ሰው በር ላይ ሰጥቶኝ ሄደ" አለ። ኩሽና ገብቼ ከፈትኩት።

"እታለም፣ እንዳትቆጪኝ" አለች ሀጀራ። "ከይረዲን ሰፈራችን መጥቶ ነበር። ካሴትሽን አብሮን ሲሰማ ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነው። 'ሩቅያ ድሮም ቀልደኛ ናት፣ ማንም አልሞተም' አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። ዛሬ 'ዋና ትችያለሽ?' ሲለኝ አንቺ ትዝ አልሽኝና ፍርፍር ብዬ ሳቅሁ።"

ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወዲያው የአውሮፕላን ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው። ባቲ አውሮፕላን አያርፍም። እዚህ ጅቡቲ፣ አምቡሊ አየር ማረፊያ ግን ቀኑን ሙሉ ያርፋል።

እየሮጥኩ በሩ ጋ ደረስኩ።

"ጉታ፣ ካሴቱን የሰጠህ ሰው ሌላ ምን አለህ?"

ጉታ ፈገግ አለና ድምፁን አለሰለሰ። ሰው ማስመሰል እሱም ይችልበት ኖሯል።

"'ለሩቅያ ንገራት፣ እህም፣ ሀጀራ ትላንት ማታ ተሳፍራለች።'"