ተራው የከማል ነው

ዘሊካ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በትልቁ ጽፋ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ የለጠፈችው ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰርግ ቤት መጥቶ የሚጎድልበት እንግዳ እንዳይኖር ብላ ነው። ከሚሴ ላይ እንግዳ ጎደለበት መባል ለሰባት ትውልድ የሚወራ ነውር ነዋ።

ባሏ ከማል ሪያድ ሾፌር ነው፤ አገር ቤት ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ። ዛሬ የልጃቸው የዓፊያ ኒካህ ነው። ቃዲው በቪዲዮ ለማሰር የተስማሙት የአባትዬውን ፊት አይተው፣ ቃሉን ሳይቆራረጥ ከሰሙ ብቻ ነው። ካልሆነ አጎቷ ተወክሎ ይድራታል። ዓፊያ ግን «በአባቴ አፍ ነው የምዳረው» ካለች ቆይታለች። ከማል ከአሠሪው የለመነው ግማሽ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዓፊያ ስልክ ተደወለ፤ የከማል ፊት ይመጣል፣ አፉን እንደከፈተ ይደርቃል፣ ይጠፋል። እንዲህ ሲል ከግማሽ ሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ።

«ወላሂ ሆን ብለው ነው» አለች ዘሊካ፣ የመስመሩን ባለቤቶች በሆዷ እየረገመች። መስመሩን ያስገባላት ቴክኒሻን ሙጂብ ከእንግዶቹ መሐል ነበርና እጁን ጎትታ አመጣችው።

ሙጂብ የዋይፋዩን ሳጥን አየና አንገቱን ደፋ።

«እትዬ ዘሊካ፣ በዚህ ሰዓት ከተማው ሁሉ ስለሚከፍት ለሁሉም እንዲዳረስ ከላይ ይመጥኑታል። ብዙ የወሰደ ቤት ደግሞ ቀድሞ ይቀነስበታል። እናንተ ከጧት ጀምሮ የወሩን ወስዳችኋል። የቀረቻችሁ ቀጭን ናት፤ እሷንም ሰማንያ ስልክ እየተሻማባት ነው።»

ዘሊካ ምሰሶውን አየች። ጉዱን የሠራችው ራሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ይህን አጠገባቸው ተቀምጠው የሰሙ አባ እንድሪስ ነበሩ፤ ጨፋ ላይ ሠላሳ ዓመት የውሃ አባት ሆነው፣ ከቦርከና የተጠለፈውን ውሃ ለየማሳው በተራ ያደሉ ሰው። ኢንተርኔት አያውቁም፤ ሽሚያን ግን ያውቃሉ።

«ቀጭኗ ለአንድ ማሳ ትበቃለች?»

«ሌላው ከዘጋ ትበቃለች።»

አንድ ሰፌድ አስቀርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው ድንኳኑ መሐል ቆሙ። «ጀማዓ፣ ቦዩ አንድ ነው፤ ተራው የከማል ነው። ስልካችሁን አጥፉና ሰፌዱ ላይ አኑሩ።»

ሰርጉን በቀጥታ ሲያስተላልፍ የነበረው ሁሉ አጉረመረመ። ቢሆንም የገበሬ ልጅ ነውና ተራ መስበር ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰፌዱ ሞላ። የከማል ፊት ጠራ፣ መልሶ ደረቀ።

«አንድ ሰው ቦይ ሰብሯል» አሉ አባ እንድሪስ።

ሙጂብ ሳጥኑ ላይ አሁንም የሚስብ ስልክ እንዳለ አይቶ፣ ስልኳን ሰፌዱ ላይ ወዳላኖረችው ወደ ዘሊካ ቀስ ብሎ ዞረ። ለካ በጉያዋ የያዘችው ስልክ የጧቱን ቪዲዮ ባቲ ላለችው እህቷ እየላከ ኖሯል። አውጥታ ከክምሩ አናት ላይ ስታስቀምጠው ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ ከማል እዚያው ያለ እስኪመስል ጠርቶ መጣ። «ልጄን ዓፊያን ድሬሃለሁ» አለ፣ አንዲት ፊደል ሳትቆረጥ። ሙሽራው አብዱሰላም «ተቀብያለሁ» አለ። ቃዲው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘሊካ ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደስታው እንባ ሆኖ ወረደ፣ አላፈረችበትም።

ኒካሁ አለቀ ብሎ ሰው እጁን ወደ ሰፌዱ ሰደደ። ከግማሽ ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ቀርታ ነበር። ስልኩ ውስጥ ከማል «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ቅረቢ ልይሽ» ይላል።

አባ እንድሪስ በትራቸውን ሰፌዱ ላይ አጋደሙ።

«ቆዩ» አሉ። «ማሳው ገና አልጠገበም።»