የእትዬ አዚዛ ክላስተር

ኡራኤል ላለው ለእትዬ አዚዛ ኬክ ቤት የተከልኩት ሶፍትዌር፣ ሳላጋንን፣ ሦስት አገር ያስተዳድራል። ሥራን «ኮንቴይነር» በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ፣ «ክላስተር» በሚባል የኮምፒውተሮች ቡድን ላይ ይጭናል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው ይረከባል። ችግራችን ትንሽ ነበረች፦ ኮምፒውተሩ አንድ ነው። የእሱንም ጉልበት ቢሆን ሶፍትዌሩ ራሱን ለማስተዳደር ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። አሥራ ስድስት ዳይሬክተርና አንድ ተላላኪ ያለው መሥሪያ ቤት በሉት። የኬክ ትዕዛዝ የሚቀበለው ተላላኪው ነው።

ውሉ ላይ ግን «ሦስት ኮምፒውተር» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሉ የሚታደስበት ቀን ደርሶ እትዬ አዚዛ «አምጣና አሳየኝ» አሉ። ካዛንቺስ ሲፈርስ አርባ ደንበኛ ተበትኖብኛል፤ እሺ፣ አራት። የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለሠርግ ወንበር ይዋሱ የለ? እኔም ከደጋጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁለት ኮምፒውተር ተውሼ፣ መብራታቸውን አብርቼ ከእኛው ጎን ደረደርኳቸው። ሃያ ባለሙያ አለኝ፤ ያን ቀን የመጣችው መርሃዊት ናት። ሌሎቹም እሷው ናቸው።

«አባዲ፣ አንዱ ቢጠፋስ?» አሉ እትዬ አዚዛ።

«የፈለጉትን ይንቀሉ!» በቃ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

የዳሩን ነቀሉ። ትዕዛዙ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው። ሁለተኛውን ነቀሉ። አሁንም ይሠራል።

«እትዬ፣ ይሄን መብረቅ ቢመታው ይቅርታ የሚጠይቀው መብረቁ ነው!»

እጃቸው ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«ይተዉት! ማለቴ… ተረካቢዎቹን ነቅለዋቸዋል'ኮ!»

«ልሰካቸዋ።» ሁለቱን መልሰው ሰኩና የሦስተኛውን ገመድ ያዙ።

መርሃዊት ዘላ እጃቸውን ያዘች። «እትዬ፣ በሞቴ! ያለው እሱ ብቻ ነው። ከጠፋ ተመልሶ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የዛሬውን ልደት ሁሉ እናበላሻለን።»

እትዬ አዚዛ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ፣ የማነብ አይመስልሽም? ሁለቱ ላይ 'ደጋጋ ፎቶ ኮፒ' ተብሎ ተለጥፏል። የዚህ ሰውዬ አፍ የት ድረስ እንደሚሄድ ልይ ብዬ ነው።»

ውሉን ሳቡና «ሦስት» የሚለውን ሰርዘው «አንድ» አሉት። ቀጥለው የእኔን ስም ሰርዘው የመርሃዊትን ጻፉ።

«ጋሽ አባዲ…» አለች መርሃዊት ደንግጣ።

«ፈርሚ» አልኳት። እኔ ዛሬ የመርሃዊት ዋና አማካሪ ነኝ። የደጋጋን ኮምፒውተሮች የመለስኩትም ራሴ ነኝ፤ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ።