ለጥቁሯ የተገዙ ባሎች

ልብስ ሰፊዋ ሞሊ ለምትባለው ጥቁር ዓሣ ባል የመረጠችላት ጨርቅ እንደምትመርጥ ነው፤ በቀለሙ። ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሦስት ብርቱካንማ ወንዶች ክንፋቸውን ዘርግተው ሲንጎራደዱ አየችና ልቧ ተሰረቀ። አንዱን ብቻ መውሰድ ንፍገት መሰላትና ሦስቱንም ይዛ መጣች። ቤቷ ስንት ሴት ዓሣ እንዳለ ሻጩም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው።

ጥቁሯ ዓሣ ደግሞ የእሷ አልነበረችም። የጭነት መኪና ሾፌር ለሆነው ባሏ ከሟች ሚስቱ የቀሩት አንዲት ልጅና ያቺ ዓሣ ናቸው። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንጀራ እናቷ ከዓመት በፊት ቤቱን ከረገጠች ወዲህ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ደግም አልወጣትም። «እሺ» እና «ጠግቤያለሁ» ብቻ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበሯን ወደ መስታወቱ ገንዳ ጎትታ የቀኑን ወሬ ለዓሣዋ ታወራለች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ጆሮዋን ትጥላለች። በዓሣ መቅናት እንደሚያስቅ ታውቃለች፤ ግን ትቀናለች።

ልጅቷ ለፈተና ጥናት አክስቷ ቤት ልትሰነብት ስትነሳ «ዓሣዬን አደራ» አለቻት። በዓመቱ ውስጥ የጠየቀቻት ነገር ይኸው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አደራውን መጠበቅ ብቻ አልበቃትም፤ ለብቸኛዋ ጎጆ ላውጣላት አለች። ልኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋችው ሴት እንዲህ ሳትሆን አትቀርም።

መጀመሪያ ቀን ወንዶቹ ጥቁሯን ሲያባርሯት አይታ «ሙሽሮቹ ቸኮሉ» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ሳቁ ቆመ። አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ ጥቁሯን መብላትም ማረፍም ከለከሏት። መደበቂያ ቅጠል እንኳ ገንዳው ውስጥ የለም። ጭራዋ ጠርዙ እንዳልተቀመቀመ ጨርቅ ተተለተለ። ልጅቷ በምትመለስበት ዕለት ጠዋት ዓሣዋ ከታች ተኝታ ታለከልክ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወንዶቹን በሻይ ማጥለያ እያፈሰች ሳፋ ውስጥ ጨመረቻቸውና ወደ ሻጩ በረረች። ሰውየው ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት ነው የሚያስፈልገው፤ ማባረሩ ለሁሉም እንዲዳረስ። ለአንዷ ሦስት ከለቀቁባት መቼ ትተንፍስ?»

ፊቷን ሲያይ ግን አዘነላት መሰል፣ አንዲት ጥቁር ሴት አውጥቶ በላስቲክ ከነውሃዋ ቋጠረላት። ጥቁር ያው ጥቁር ነው፣ ማን ይለየዋል አላት። እሷም አልተከራከረችም።

ቤት ስትደርስ የአደራዋ ዓሣ ሞታለች። በሳቴን ቁራጭ ጠቅልላ የአዝራር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻት። ሻጩ አዲሷ ሙቀቱን እንድትለምድ ላስቲኩ መጀመሪያ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ብሎ ነበር፤ ማን ጊዜ አለው፣ ገለበጠቻት። እጇን ሳታደርቅ የውጪው በር ተንኳኳ።

ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ገንዳው ሄዳ አጎነበሰች። ቆየች። ልብስ ሰፊዋ የማን ልብስ እንደሆነ የማታውቀውን እጅጌ አጣማ ትሰፋለች። ክሩ ተበጠሰ።

«ደህና አድርገው ጠብቀውልኛል» አለች ልጅቷ ዞር ብላ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል መጣላት፤ ግን ያለ ሐቋ። እውነቱን ብትውጠው ይዋጣል። ነገ ሾፌሩ ይመለሳል፣ ሦስቱም አንድ ገበታ ይቀርባሉ፣ ማንም አያውቅም። ብትናገር ደግሞ ያቺ «እሺ» እንኳ ትቀርባታለች። ፈራች፤ በጣም ፈራች። መሳቢያውን ሳበችው።

«ያንቺ ዓሣ ይቺ ናት» አለች። «ወንዶች ገዝቼ አስገባሁባትና ገደልኳት። ገንዳው ውስጥ ያለችውን ዛሬ ነው ያመጣኋት።»

ልጅቷ ሳቴኑን ገለጥ አድርጋ አየች። አላለቀሰችም።

«ይቺም የእማዬ አይደለችም» አለች። «የእማዬ ዓሣ ሆዷ ሥር ነጭ ነጥብ ነበራት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ነጥቡ የለም። አባዬ አጠገቧ ቆሞ ‹ዛሬስ እንዴት ነቅታለች› ይለኛል፤ እጅጌው እርጥብ ነው። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። የዛሬዋንም ገና ሳያት አውቄያለሁ። ዝም ልል ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ የተበጠሰውን ክር ከመርፌው መዘዘች።

«ወንዶቹስ?» አለች ልጅቷ።

«መታጠቢያ ቤት፣ ሳፋ ውስጥ።»

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋም ያኔ አብሮ መጣ። ዓሣዋን መልሳ ጠቀለለቻት። ከዚያ ገንዳው አጠገብ ያለውን ወንበሯን እየጎተተች አምጥታ ስፌት መኪናው ጎን ተቀመጠች።

«ማወቄን ግን ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለቻት። «አላወቀችም ብሎ ደስ ብሎት ነው የሚኖረው።»