ደረቅ ቋጠሮ

ትዕዛዙ ያን ሰኞ ጠዋት ክልቲ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ሁለት የመንጠቆ ክር ያማርጥ ነበር። አንዱ ሟች አባቱ የተዉለት ጥቁር ወፍራም ክር ነው። ሌላው ወዳጁ አድማሴ የሰጠው፣ ፍሎሮካርቦን የሚሉት፣ መስታወት የመሰለ ክር ነው። ዳንግላ ውስጥ ይህን ስም ሳይንተባተብ የሚጠራ ሰው የለም፤ ትዕዛዙም ቢሆን ምላሱን አፍታቶ ካልተዘጋጀ አይሳካለትም።

ጊዜው የ2008 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። ክረምቱ አጥሮ ስለነበር ወንዙ ጎድሏል፤ የቀረው ውሃ ደግሞ ከመጥራቱ የተነሣ የታችኛው ጠጠር ይታያል። መንገደኛ ሲያየው ደስ ይለዋል፣ አጥማጅ ግን ሆዱ ይባባል፤ ጠጠሩ ለሰው ከታየ ክሩም ለዓሣው መታየቱ አይቀርማ። በተለይ ነጩ ዓሣ ተጠራጣሪ ነው። ወደ መንጠቆው ይመጣል፣ ጥቁሩን ክር ያያል፣ እንዳላየ ሆኖ ዞሮ ይሄዳል።

አድማሴ ከባሕር ዳር እየመጣ ለደስታው ብቻ የሚያጠምድ ሰው ነው። መንጠቆውን በላባ ጠቅልሎ ዝንብ ያስመስለዋል፤ ዓሣውን ይይዝና መልሶ ይለቀዋል። የዳንግላ ሰው ይህን አይቶ “ምስኪን፣ እንዲያው ምን ነክቶት ይሆን?” ይላል። ክር ግን ያውቃል። ባለፈው ሲመጣ ለትዕዛዙ ጥቅሉን ሲሰጠው እንዲህ ብሎ ነበር፦

“ይሄ ለጨው ውሃ፣ ለባሕር ዓሣ የተሠራ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓይን አያየውም። ያንተው ናይለን ይንሳፈፋል፣ ይሄ ይሰምጣል፤ ድንጋይ ቢፈትገውም ቶሎ አይበላም። ሁሉንም አትቀይር፤ ከመንጠቆው በላይ ክንድ ያህል ብቻ ቀጥልበት። አንድ ክፉ ዐመል ግን አለው፤ ግትር ነው። ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው። በደረቁ ከሳብኸው የያዘ ይመስልሃል እንጂ ኋላ ይከዳሃል።”

ትዕዛዙ አባቱን ላለማስቀየም ይመስል መጀመሪያ ጥቁሩን ክር ወረወረ። ብዙ ከጠበቀ በኋላ አንድ ትልቅ ዓሣ ነከሰ፤ ወዲያው ወደ ድንጋዮቹ ሮጠ፤ ክሩ ቋ ብሎ ተበጠሰ። ዕድሜ የጠገበ ክር ነበር። ከዚያ የአድማሴን ክር ቀጠለ፣ ቋጠሮውን ወደ አፉ ወስዶ አረጠበ፣ ሳበ። ረፋዱ ላይ ቅርጫቱ ሞላ።

ጎንበስ ብሎ እጁን ሲታጠብ አንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት መስቀል ውሃው ላይ ታየችው። ማሰሪያዋ ስለማይታይ በአየር ላይ የቆመች ትመስላለች። ፈገግ አለ፤ ብርድ ስለነበር ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋ።

የመስቀሏ ነገር እንዲህ ነው። እንጅባራ ዮርዳኖስ የምትባል እጮኛ አለችው። አባቷ መምሬ ውዱ ቄስ ናቸው፤ ልጃቸውን በተክሊል ካልሆነ እንደማይድሩ ቁርጡን ተናግረዋል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ ንስሐ ገብቶ ትናንት እሑድ ቆረበ። ቤቱ ገብቶ ነጠላውን ሲያወልቅ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተለየው የአንገቱ ክር ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ። በዚህ አገር ክር ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የዓሣ ሳይሆን ይኸው የአንገት ማተብ ነው። ክሩን በጠሰ የተባለ ሰው ሃይማኖቱን ካደ ማለት ነው፤ ሚስት ቀርቶ ሰላምታ የሚሰጠውም ያጣል። ትዕዛዙ በቆረበበት ቀን አንገቱን ባዶ ሊያሳድር ፈራ። የአባቱን ጥቁር ክር መቁረጥ አልፈለገም፤ የቀረው የአድማሴ ክር ነበርና መስቀሏን በእሱ አሰረና ጋደም አለ።

እንግዲህ ሰኞ ቀን ዓሣውን ይዞ ወደ እንጅባራ ሚኒባስ ገባ። መንገድ ላይ አድማሴ ደወለ። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል፤ ኔትዎርክ ሲቆራረጥ ደግሞ የኛ ሰው በጩኸት የሚቀጥለው ይመስለዋል። ትዕዛዙም ጮኸ፦

“ሃሎ! በጠስሁት! የአባቴን ክር በጠስሁት እልሃለሁ! … ኧረ ምን ይቆጨኛል፣ እንኳን ተበጠሰ! … የማይታየው ይሻላል! ሃሎ? ከእንግዲህማ ወደ ድሮው አልመለስም!”

ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ትዕዛዙ ስልኩን እንዲሰማ ብለው መስሎት በልቡ አመሰገናቸው። ከኋላው ወንበር ላይ የመምሬ ውዱ እኅት ደጊቱ መቀመጧን አላየም። እሷ ግን የአንገቱን ጀርባ እስከ እንጅባራ ድረስ ስታየው መጣች።

ዓሣውን ለምግብ ቤቱ አስረክቦ ሳይጨርስ ዮርዳኖስ ደወለች።

“አባባ አሁኑኑ ይምጣ ብለዋል።”

“በደኅና ነው?”

“ትዕዛዙ፣ እውነት ነው?” አለችና ሳይመልስ ዘጋችው።

ቤታቸው ሲደርስ መምሬ ውዱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ደጊቱ አጠገባቸው ናት። ዮርዳኖስ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ተቀመጥ ያለው የለም።

“ልጄ” አሉ መምሬ ውዱ፣ “ክርህን በጥሰሃል የሚል ነገር ሰማሁ።”

ሰው ሲያስበው የዋለውን ነገር ነው የሚሰማው። ትዕዛዙ የባሰ ነገር ፈርቶ ነበርና እፎይ ብሎ ሳቀ።

“እሱን ነው እንዴ? አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የበጠስሁት! ማን ነገረዎት?”

ደጊቱ ደረቷን መታች። “ይኸው! በገዛ አፉ!”

ያን ጊዜ ምን እንዳለ ገባው። “የዓሣ ክር! መምሬ፣ የመንጠቆ ክር ነው! ለወዳጄ ስለ ዓሣ ነው የነገርሁት!” እያለ ተርበተበተ። የቄሱ ፊት ትንሽ ፈታ አለ። ዮርዳኖስም የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

“እንግዲያው ምን ገዶት፣ አንገቱን ይግለጥና እንየው” አለች ደጊቱ።

ትዕዛዙ በኩራት ጃኬቱን ከፈተ፣ እጁን ሰደደ። ጣቱ የነካው ቆዳውን ብቻ ነው። መስቀሏ የለችም። በግራም በቀኝም ዳበሰ፤ ሸሚዙን አራገፈ፣ ጃኬቱን ገለበጠ። የለችም። ፈራ። እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም፤ እውነቱን ይዞ ውሸታም ሲመስል ራሱን እያየው ነበር።

“ትናንት አስሬያት ነበር! በዚህ ክር!” ብሎ ጥቅሉን ከኪሱ አወጣ።

“በየቱ? እኔ ምንም አላይም” አለች ደጊቱ።

“እትዬ፣ አይታይም እኮ፤ የማይታይ ክር ነው።”

“ጉድ! ደግሞ የማይታይ ማተብ መጣልን!”

መምሬ ውዱ እጃቸውን አንሥተው እኅታቸውን ዝም አሰኟት። “እንዴት አድርገህ እንዳሰርኸው አሳየኝ” አሉት።

ትዕዛዙ ከጥቅሉ ቆርጦ በወንበሩ እግር ላይ አዞረ፣ ቋጠረ፣ እንደ ልማዱ ወደ አፉ ወስዶ አረጠበና ሳበው። ቄሱ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አስገብተው ጎተቱ። ደግመው ጎተቱ። ክሩ ጣታቸውን ሰርስሮ ቀይ መስመር አወጣ እንጂ አልተፈታም።

“ይሄማ የበሬ ጠፍር ነው” አሉ በሐዘን። “በራሱ አይፈታም። ለምን ዋሸኸኝ ልጄ? እኔ ልጄን ልሰጥህ ነበር።”

“ነበር” ሲሉ ዮርዳኖስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትዕዛዙም ሁሉ ነገር እዚህ ላይ እንዳለቀ ገባው። ወንበሩን ያየዋል፣ ቋጠሮውን ያየዋል፤ ትናንት ከዛሬ በምን ተለየ? ክሩ ያው፣ እጁ ያው። ቋጠሮው ላይ የቀረችው ምራቅ አብለጨለጨች።

“በደረቁ!” ብሎ ጮኸ። “ትናንት በደረቁ ነው የሳብሁት! አድማሴ በደረቁ ከሳብኸው ይከዳሃል ብሎኝ ነበር። በምራቄ አላረጠብሁትም!”

“ለምን? ምራቅህ አልቆ ነበር?” አለች ደጊቱ።

“ቆርቤ ነበራ፣ እትዬ።”

የቆረበ ሰው ያን ቀን ምራቁን ከአፉ እንደማያወጣ ለዚያ ቤት ሰው የሚያስረዳ አያስፈልግም። መምሬ ውዱ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ያንን ቋጠሮ በጣታቸው ሲነካኩት ቆዩና ዓይናቸውን ጠረጉ።

“ይቅር በለኝ ልጄ” አሉ። “እኔ አምኜሃለሁ።”

ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች በዝቅታ “እሱ ከወረደ በኋላ ለተሳፋሪው ሁሉ እኮ ነግሬያለሁ” አለች። “የዳንግላ ሰው ነው፣ የእገሊት ልጅ ነው ብያለሁ። አልፈው ጥሊሊ ድረስ የሚሄዱም ነበሩ።”

ትዕዛዙ ዳንግላ ያለችውን እናቱን አሰበ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ነገ ገበያ ላይ ዓሣውን ሳያይ አንገቱን የሚያይ ገዢ ይኖራል። አባቱ በክርስትናው ቀን የሰጡት መስቀልም ክልቲ ወንዝ ጠጠር መሃል ወይ ሚኒባሱ ወለል ላይ ወድቃ ቀርታለች። ቢታመንም ደስታው አልመጣለት አለ።

“ሰው የሚያምነው የሚያየውን ክር ነው” አሉ መምሬ ውዱ።

ዮርዳኖስ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የጥጥ ፈትል ይዛለች፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከመንገድ ማዶ የሚታይ። አባቷ ባርከው መለሱላት። ማሰር የእሳቸው ፋንታ ነበር፤ እሷ ግን አልጠበቀቻቸውም፤ አክስቷ እያየቻት ወደ እጮኛዋ ቀረበች፣ ክሩን አንገቱ ላይ አዞረችና ቋጠረች። ትዕዛዙ ይህ ጥጥ ነው፣ ማርጠብ አያስፈልገውም ሊላት አፉን ከፈተ።

ሳይናገር ግን ዮርዳኖስ ቋጠሮውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ በምራቋ አርጥባ አጥብቃ ሳበችው።