በየትኛው ሀ?

ማክሰኞ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በጥያቄና መልስ መድረካችን «ኃይል» የሚለውን ታግ (የጥያቄ መለያ ቃል) የሚከተሉ 1,146 ሰዎች ነበሩ። «ሀይል»ን የሚከተል አልነበረም። «ሐይል»ንና «ሃይል»ንም እንደዚሁ። ለጆሮ አራቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጠያቂው ታጉን «ኃይል» ብሎ ከጻፈ ጥያቄው በዚያው ደቂቃ 1,146 ስልኮች ላይ ይደርሳል። በሌላ ሀ ከጻፈው «ይቆይ» የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ይወድቃል፤ እዚያ የሚያዩት አራሚዎቹና ብዙ ነጥብ ያላቸው ጥቂት አባላት ብቻ ናቸው።

አራሚዎቹ ሁለት ነን። አንዱ ጋሽ ኃይለገብርኤል ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ኤሌክትሪክ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ መድረኩን ይመራሉ። ሁለተኛዋ እኔ፣ ሀኒ ነኝ። ያን ዕለት የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ግምገማዬን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ቢሯችን ካዛንቺስ፣ ዙሪያው ፈርሶ ለብቻው በቀረ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አራቱን አጻጻፎች አስሮ እንደ አንድ ታግ ማስቆጠር ይቻላል። አንድ ጊዜ ሐሳቡን አቅርቤላቸው ነበር። «ታዲያ ሰው ፊደል ለምን ይማራል?» አሉኝ።

3:12 ላይ ኢዘዲን የሚባል ሰው ከቄራ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«የጫጩት መፈልፈያዬ ፓወር ሰፕላይ ሞተብኝ። የጋራዥ ሥራዬን ለቅቄ ከአሮጌ ፍሪጅ ራሴ የሠራሁት ነው። የመጀመሪያ ዙሬ ነው። 264 እንቁላል አለው፣ ዛሬ 17ኛ ቀኑ። መሆን ያለበት 37.5 ዲግሪ ነው፤ አሁን 33 ደርሷል። መብራት አለ፣ ፊውዙም ደህና ነው። የካርዱን ፎቶ አያይዣለሁ። እባካችሁ ቶሎ።»

ከግርጌው ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል። ታጎች በአማርኛ ይሁኑ የሚለውን ደንብ አንብቦ መሆን አለበት፣ «ፓወር» አላለም። «ሀይል» ብሏል።

ደንብ ቁጥር 6 የግል ስልክ በጥያቄ ውስጥ አይጻፍም ይላል። ቁጥሩን አጠፋሁት።

ጋሽ ኃይለገብርኤል መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አስፍተው አዩት።

«ካፓሲተሩ ነው» አሉ። «ይቺ ትልቋ። አናቷ አብጧል፣ አየሽ? የአሥር ደቂቃ ሥራ።»

«ልንገረው ጋሼ? ታጉንም ላስተካክልለት፣ ማለቴ አንድ ክሊክ ነው።»

«ተይው። ያረሙለት ሰው ነገም ይሳሳታል።»

ከጥያቄው ሥር ጻፉ፦ «በየትኛው ሀ?»

«አልገባኝም ጌታዬ» አለ ኢዘዲን። «የትኛው ሀ ማለት?»

ፍሬአብ የሚባል ዘጠኝ ሺህ ነጥብ ያለው አባል አለ፤ በአካል አይተነው አናውቅም፤ ከ«ይቆይ» ዝርዝር አይጠፋም። «ሀሁን ሳይጨርስ ጫጩት ሊቆጥር!» ብሎ ጻፈ።

4:05 ላይ ኢዘዲን ታጉን «ሐይል» አደረገው። መፈልፈያው 30 ዲግሪ እንደደረሰም ጨመረ።

«ይኼ ሐመሩ ሐ ነው» ሲሉ መለሱለት ጋሽ ኃይለገብርኤል። «የተጠየቅኸው ብዙኃኑ ነው።»

የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሰው የፊደሉን ስም ያውቃል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ኢዘዲን አያውቅም። «ብዙሃኑ ሰው የሚጽፈው እኮ በመጀመሪያው ሀ ነው» አለና ታጉን ወደ «ሀይል» መለሰው። ሁለተኛ እርማቱ ነው። አንድ ጠያቂ በቀን አራት ጊዜ ብቻ ማረም ይችላል።

ጋሽ ኃይለገብርኤል እስኪያስላቸው ሳቁ። «ብዙኃኑ ሰው! ሰማሽ? ብዙኃኑ ሰው!»

4:40 ላይ «ሃይል» አለ። ሦስት። ከሥሩም እንዲህ ጻፈ፦ «ሙቅ ውሃ በሃይላንድ እየሞላሁ በእንቁላሎቹ መሃል እየደረደርኩ ነው። 28 ገብቷል። ስለ ፊደሉ ይቅርታ፣ በቃ አልተማርኩም። ስለ ካርዱ ግን አንድ ነገር በሉኝ።»

«ሃይልን ለካ ሃይላንድ ላይ ነው ያነበበው» አለ ፍሬአብ።

ቀልዱን አሥራ አራት ሰው ወደደው። እኔም ሳቅሁ።

5:20 ላይ ኢዘዲን መፍትሔ አገኘ። የሚፈልገው ፊደል ከእያንዳንዱ አስተያየት አናት ላይ፣ በጋሽ ኃይለገብርኤል ስም ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስማቸውን ቀድቶ የታጉ ቦታ ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ ከኋላ እያጠፋ መጣ። «ገብርኤል» ሲጠፋ «ኃይለ» ቀረ። «ለ»ን «ል» ሳያደርግ ላከው። በኋላ እንደጻፈው፣ እጁ እርጥብ ነበር።

«ጭራሽ ስሜን ታግ አደረገው!»

«ጋሼ፣ ደርሶ እኮ ነበር። አንድ ፊደል ነው የቀረው።»

«ስምሽን እየቆረሱ ቢለጥፉት አንቺ ዝም ትያለሽ?»

«ሆን ብሎ አይመስለኝም።»

«አንቺ ጠበቃው ነሽ ወይስ አራሚ?»

ጥያቄውን ለሃያ አራት ሰዓት ቆለፉት። ምክንያት የሚለው ሳጥን ውስጥ «በአስተዳዳሪ ስም መቀለድ» ብለው ሞሉ። የተቆለፈ ጥያቄ ላይ ጠያቂው አንድ ቃል መጨመር አይችልም። መክፈቻው በእኔም ማሽን ላይ አለ፤ ማን እንደከፈተ ግን ይመዘገባል።

11:30 ላይ ታክሲ ያዝኩ። የምኖረው ቡልጋሪያ ነው። ስወርድ ረዳቱ «ቄራ! ቄራ የቀረ!» ይላል። መልሱን አውቀዋለሁ፦ ያበጠችው ካፓሲተር። ያጠፋሁት ስልክ ቁጥርም በእርማት ታሪኩ ውስጥ ይነበባል፤ የሚጠፋው ከአባላቱ ዓይን እንጂ ከእኛ አይደለም። ከሱቅ ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ 5:20 ላይ ቁልፉ በራሱ ተከፈተ። ጋሽ ኃይለገብርኤል በገዛ እጃቸው «ኃይል» ብለው ጻፉለት። «አሁን ተምሯል» አሉ። ጥያቄው 1,146 ስልኮች ላይ ደረሰ። ገቢሳ የሚባል የቴሌቪዥን ጠጋኝ በአራት ደቂቃ ውስጥ መለሰ፦ «ትልቁ ካፓሲተር አብጧል ወንድሜ። የተበላሸ ቲቪ ካለህ ከሱ ነቅለህ ግጠምበት።»

6:10 ላይ ኢዘዲን ጻፈ፦ «ሠራ። 19 ላይ ነበር፣ አሁን እየወጣ ነው። ጋሼ፣ ትናንት እጄ እርጥብ ሆኖ ነው፣ ስምዎን ለመንካት አልነበረም። ገቢሳ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ።»

በደንብ ቁጥር 9 መሠረት ምስጋና መልስ አይደለም። አነሳሁት።

ዓርብ ዕለት ግምገማዬ ደረሰኝ። ጋሽ ኃይለገብርኤል «ደንብ አክባሪ» ብለው ጽፈውልኛል። ሥራው ጸና።

እንቁላል በሃያ አንድ ቀን ይፈለፈላል። የኢዘዲን ቅዳሜ መውጣት ነበረባቸው፤ እሱ ግን ሁለት ቀን ጨምሮ ጠበቃቸው። ሰኞ ግንቦት 11 ቀን ከጥያቄው ሥር አንድ መስመር አስገባ፤ ይህኛውን አላነሳሁትም። ከ264 እንቁላል 9 ጫጩት ወጥቷል።