የደረበ ውሻ

«ደረበ፣ ውሻውን አምጣልኝ፤ ልየው» አለች አገኘሽ፣ አጥሩ ጋ ቆማ።

ከተነከሰች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። እሑድ ጠዋት አጫጆቿን ልትቀሰቅስ ስትሄድ የጎረቤቷ የደረበ ውሻ ባቷን ነከሳት። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ሔለን ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበችላትና ክትባቱ እነሱ ዘንድ እንደሌለ፣ በዚያው ቀን ገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ነገረቻት። አገኘሽ ግን ካፕሱል ሰጥታ እንድትሸኛት ለመነቻት።

«ካፕሱል ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፣ እትየ» አለቻት ሔለን። «ቫይረስ ብቻውን አይበላም፣ አይራባም። በፕሮቲን ልባስ የተጠቀለለ ትእዛዝ በሉት። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ሕዋሱን አስገድዶ የራሱን ቅጂ ያሠራዋል።»

ወገኑም ብዙ ነው አለቻት፤ ኮሮና የአንዱ ወገን፣ ኤች አይ ቪ የሌላው። የእብድ ውሻው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ጥይት ይመስላል፤ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በነርቭ ወደ አንጎል ይወጣል። በሽታው አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም።

አገኘሽ ልጅቱን ጠረጠረቻት። ያላወቁትን ሁሉ ቫይረስ ማለት ለምዶባቸዋል! ደግሞስ በዚህ ሰሞን ማን ሰሊጡን ጥሎ ይሄዳል? ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ካላጨዱት ራሱ ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። የዓመት ቀለቧ እሱ ነው። ስለዚህ ከሔለን ንግግር የሚስማማትን ብቻ ይዛ ወጣች፤ ውሻው አሥር ቀን በጤና ከቆየ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። «እየጠበቁ ግን ክትባቱን ይጀምሩ» ያለቻትን ተወችው።

ደረበ ውሻውን እንደ ልማዱ በአጭር ገመድ ይዞ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። ቡናማ ነው፤ ጆሮው እንደ አገሩ ውሻ ሁሉ የተቆረጠ። የወረወረለትን ቂጣ ላፍ አደረገው።

«ይኸው፣ ካንችም ከኔም ይሻላል» አለ።

አገኘሽ ልትመለስ ስትል ውሻው ራሱን አራገፈ። ዝንብ ጆሮውን ወሮታል። ጠጋ ብላ አየች። የጆሮው ጫፍ ገና አልደረቀም፤ ደም ያዣል። የደረበ ውሻ ደግሞ ጆሮው የተቆረጠው ቡችላ ሳለ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሷ ግን ጠርጥራ ነበር፣ ያውም የማይጠረጠረውን ሰው፣ ነርሷን።

«ይኸ ጆሮ መቼ ነው የተቆረጠ?»

ደረበ ውሻውን ወደ ኋላ ሳበው።

«የነከሰኝስ የታለ?»

«ሰኞ ለሃጩን ሲያዝረከርክ ገደልሁት» አለ። «ያበደ ውሻ ለቀቀ ብለሽ ሽማግሌ እንዳታስቀምጭብኝ ፈራሁ።»

አራት ቀን ሙሉ የሰው ውሻ እያየች እፎይ ስትል ኖራለች። አንገቱን ብታንቀው በወደደች።

«እኔን ልትቀብረኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው!»

ያን ጊዜ ነው በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቱን ያየችው። ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ ያ የገደለው ውሻ ሲታነቅ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ እንደነበር፣ ጥርሱ ትንሽ ጫር እንዳደረገው ነገራት። ቁስሉን ለማንም አላሳየም።

አገኘሽ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ለአጫጆቹ አለቃ ደውላ እሷ እስክትመለስ ባሉበት እንዲቀጥሉ፣ የረገፈው ይርገፍ አለችው። ቀጥላ ገንዳ ውሃ ላለ ባለባጃጅ ደወለች።

«ስንት ሰው ነው?» አላት ባለባጃጁ።

ደረበን አየችው። ከልቧ ጠልታዋለች።

«ሁለት» አለች።